የደም ከረጢት ቱቦ መበየጃ ሲመረጥ፦ የማሞቂያና የሙቀት መቆጣጠሪያ ዘዴዎች ንጽጽር ለደሴና ለኮምቦልቻ ጤና ተቋማት

የደም ከረጢት ቱቦን ከሌላ ከረጢት ቱቦ ጋር አየር ሳያስገባ በጋለ ስስ ቢላ ቆርጦ የሚያጋጥም መሣሪያ ለመግዛት የሚነሳ ተቋም አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚጠይቀው ዋጋውን፣ ቀጥሎም አንዱን ብየዳ በስንት ሰከንድ እንደሚጨርስ ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሆኖም የብየዳውን ጥራትና የደሙን ደኅንነት የሚወስኑት ከእነዚህ በፊት መነሳት ያለባቸው ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፦ መሣሪያው ሙቀቱን በምን ያመነጫል? ሙቀቱ ከሚፈለገው ደረጃ መድረሱን በምን ያውቃል? ሳይደርስ ሲቀር ሥራውን ያቆማል ወይስ ዝም ብሎ ይቀጥላል? ይህ መመሪያ በደሴና በኮምቦልቻ ላሉ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያዎችና የግዥ ኮሚቴ አባላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ገበያ ላይ ያሉትን የማሞቂያና የመቆጣጠሪያ ዓይነቶች ከአካባቢያችን ከፍታ፣ ብርድና የኤሌክትሪክ ሁኔታ ጋር እያገናዘበ ያነጻጽራል።

ጉዳዩ ለምን ይህን ያህል ትኩረት እንደሚሻ ለመረዳት የደሙን የመቆያ ጊዜ ማየት በቂ ነው። ሲፒዲኤ-1 በተባለው፣ ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መፍትሔ የተቀዳ ደም በማቀዝቀዣ እስከ 35 ቀን፣ ተጨማሪ መፍትሔ የተደረገበት ቀይ የደም ሴል ደግሞ እስከ 42 ቀን ይቆያል። ይህ የሚሆነው ግን ከረጢቱና ቱቦው ከውጭው አየር ጋር ፈጽሞ እስካልተገናኙ ድረስ ነው። ከረጢቱ አንዴ ከተከፈተ ቀይ የደም ሴሉ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖም በ24 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እየተናጠ እስከ 5 ቀን የሚቆየው ፕላትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያግዘው የደም ክፍል) ደግሞ ከተከፈተ ከ4 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ለጨቅላ ሕፃን ከአንድ ከረጢት ጥቂት ጥቂት ሚሊሊትር በተለያየ ቀን መስጠት የሚቻለው፣ የበርካታ ለጋሾችን ፕላትሌት በአንድ ከረጢት ማጠራቀም ወይም ነጭ የደም ሴል ማጣሪያ በኋላ መግጠም የሚቻለው፣ ቱቦውን ሳይከፍቱ ማገናኘት ሲቻል ነው። ስለዚህ መጥፎ ብየዳ ማለት ለጋሽ የሰጠው ደም መባከኑ ወይም፣ ከዚያ በከፋ መልኩ፣ ተበክሎ ለታካሚ መድረሱ ነው።

የአሠራሩ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተፈለሰፈ ሲሆን እስከ ዛሬም በመሠረቱ አልተለወጠም። ሁለቱ ቱቦዎች ጎን ለጎን በመያዣው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጥ፣ ዌፈር የሚባል ስስ የመዳብ ቢላ በተለምዶ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይግላል፤ ከዚያም ሁለቱንም ቱቦዎች አቋርጦ ያልፋል። ቢላው ገና ቱቦውን ሳይነካ በሙቀቱ ከማንኛውም ጀርም ነጽቷል፤ በሚቆርጥበት ጊዜም የቀለጠው ፕላስቲክ የቢላውን ሁለት ገጽ ተጣብቆ ስለሚይዝ የቱቦው ውስጠኛ ክፍል ለአየር አይጋለጥም። ቀጥሎ አንደኛው መያዣ ተንቀሳቅሶ የሚፈለጉትን ሁለት ጫፎች ፊት ለፊት ያመጣል፤ ቢላው ሲወጣ የቀለጡት ጫፎች ወዲያውኑ ተገናኝተው ይጣበቃሉ። አሠራሩ በሙሉ የቆመው ቢላው ከመጀመሪያው ንክኪ አንስቶ እስኪወጣ ድረስ በቂ ሙቀት ይዞ በመቆየቱ ላይ ነው።

ማገናኘትና መዝጋት አንድ አይደሉም

በግዥ ሰነድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት መሣሪያዎች ስላሉ ይህን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። የቱቦ መዝጊያው፣ ማለትም ሲለሩ፣ ሁለት ቱቦዎችን አያገናኝም፤ አንዱን ቱቦ ጨፍልቆ ይዘጋል እንጂ። አብዛኞቹ ሲለሮች የሚሠሩት በሬድዮ ሞገድ ሲሆን በስፋት የተለመደው 40.68 ሜጋኸርዝ ነው። አብዛኛው ቱቦ የሚሠራበት ፕላስቲክ የሆነው የፒቪሲ ሞለኪውሎች ለዚህ ሞገድ ምላሽ ስለሚሰጡ ሙቀቱ የሚፈጠረው በራሱ በፕላስቲኩ ውስጥ ነው፤ ጨፍላቂዎቹ መንጋጋዎች አይግሉም። ቁጥጥሩም በሙቀት መለኪያ ሳይሆን በኃይል መጠንና በጊዜ ነው። ይህ ዘዴ ለፒቪሲ እጅግ ተስማሚ ሲሆን በሲሊኮን ቱቦ ላይ ግን አይሠራም። ሲለር ያለው ተቋም «መበየጃ አለን» ብሎ መመዝገብ የለበትም፤ መበየጃ የሚገዛም ሲለሩን መተው አይችልም፤ ምክንያቱም ከተገናኘ በኋላ ደሙ ሲተላለፍ ቱቦው መልሶ መዘጋት አለበት።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

የመበየጃ መሣሪያዎችን ከማሞቂያቸው አንጻር በሁለት ወገን መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ወገን ቢላው ራሱ ማሞቂያ የሆነበት ነው። የታጠፈው መዳብ በውስጡ ከመዳቡ በኢንሱሌሽን የተለየ ስስ የሬዚስታንስ ንብርብር ይዟል፤ መሣሪያው በሁለት የኤሌክትሪክ መገናኛዎች በኩል ከረንት ሲሰጠው በሰከንዶች ውስጥ ይግላል። አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይጣላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ እያንዳንዱ ብየዳ በአዲስና ንጹሕ ቢላ ይከናወናል፤ ከቀደመው ደም ወይም ፕላስቲክ የሚተርፍ ቅሪት የለም፤ መሣሪያውም ሥራ በሌለበት ሰዓት ግሎ አይቆይም። ጉዳቱም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው፦ ዌፈሩ ሲያልቅ መሣሪያው ይቆማል፤ ዌፈሩ ደግሞ ከውጭ የሚመጣና አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አምራች ብቻ የሚገኝ ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ወገን ቢላውን የሚያሞቀው በመሣሪያው ውስጥ በቋሚነት የተገጠመ የሴራሚክ ወይም የብረት ማሞቂያ የሆነበት ነው። በአንዳንዶቹ ቢላው አሁንም የአንድ ጊዜ ሲሆን በሌሎቹ ግን ለብዙ ብየዳ እንዲያገለግል ታስቦ ተሠርቷል። ልዩነቱን ለመረዳት የሸክላ ምጣድንና የስስ ብረት መጥበሻን ማሰብ ይቻላል፦ ምጣዱ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል፣ አንዴ ከጋለ ግን ሊጥ ሲፈስበት ሙቀቱ ቶሎ አይወርድም፤ ስሱ መጥበሻ ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ቋሚ ማሞቂያ ያለው መሣሪያ ሙቀት የሚያከማች አካል ስላለው በብየዳው መካከል የሚወርደው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ በአንጻሩ ከጠዋት ተነስቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ መጠበቅ ግድ ይላል፣ ኃይልም የበለጠ ይወስዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቢላው በተደጋጋሚ የሚያገለግል ከሆነ በእያንዳንዱ ብየዳ መካከል ቅሪቱ እንዴት እንደሚወገድ አምራቹ በጽሑፍ ማስረዳት አለበት። በደረቅ ሙቀት ፓይሮጅንን (ትኩሳት የሚያስነሳ የባክቴሪያ ቅሪትን) ማጥፊያ ተብሎ የታወቀው መለኪያ 250 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ነው፤ በሥራ መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ማጋል ከዚህ ጋር እኩል ነው ብሎ መገመት አይቻልም። አምራቹ የራሱን የማረጋገጫ ሙከራ ውጤት ካላቀረበ በስተቀር ይህን ዓይነት መሣሪያ ለደም ሥራ አልመርጥም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። የአንድ ጊዜ ዌፈር በምንም ምክንያት ሁለተኛ ጊዜ መጠቀም አይገባም። እጥረት ሲኖር ፈተናው እንደሚመጣ ይገባኛል፤ ዌፈሩ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ በአልኮል ሲጠረግም ይጸዳል። ነገር ግን አንዴ የጋለ መዳብ ገጹ ጠቁሯል፣ ቃጠሎ የበላው የፕላስቲክ ሽፋን በላዩ ቀርቷል፣ ሙቀት የሚያስተላልፍበት መንገድ ተለውጧል፤ መሣሪያው ግን ይህን አያውቅም። ዌፈር ከሌለ ከረጢቱን በተለመደው መንገድ ከፍቶ የ24 ሰዓቱን ገደብ በግልጽ መጻፍ እጅግ የተሻለ ነው።

ሙቀቱን የሚጠብቀው ማን ነው?

የዚህ ንጽጽር ዋና ክፍል ይህ ነው። ሁለት መሣሪያዎች በብሮሹራቸው ላይ ተመሳሳይ የሙቀት ቁጥር ጽፈው፣ አንደኛው ያንን ቁጥር በእርግጥ የሚለካ፣ ሌላው ደግሞ የሚገምት ሊሆን ይችላል።

ዝቅተኛው ደረጃ በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራው ነው፦ ለተወሰነ ሰከንድ ኃይል ይሰጣል፣ ከዚያ ቢላው ግሏል ብሎ ወደ ቱቦው ይልከዋል። ይህ አሠራር የሚያዋጣው ቮልቴጁና የክፍሉ ሙቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። በሬዚስታንስ ማሞቂያ ላይ ኃይሉ የሚለዋወጠው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው፤ ስለዚህ 220 ቮልት መሆን የነበረበት ወደ 198 ሲወርድ፣ ማለትም 10 በመቶ ሲቀንስ፣ ኃይሉ የሚቀንሰው በ19 በመቶ ነው። ወደ 187 ቮልት ሲወርድ ደግሞ የሚቀረው ከመቶ 72 ብቻ ነው። ማምሻውን የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ በሚበራበት ሰዓት እንዲህ ያለ መውረድ ለደሴ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራ መበየጃ በዚያ ሰዓት ለብ ያለ ቢላ ልኮ አረንጓዴ መብራት ያበራል።

ከዚህ የሚሻለው በቴርሞስታት የሚበራና የሚጠፋው ነው። ሙቀቱን ይለካል፤ ነገር ግን ከገደቡ በላይና በታች እየተመላለሰ ስለሚሠራ ብየዳው የተካሄደው ከፍ ባለበት ይሁን ዝቅ ባለበት ቅጽበት አይታወቅም። ለቋሚ ማሞቂያ፣ በተለይ ሙቀት የሚያከማች ከሆነ፣ ይህ መመላለስ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን በዝርዝር መግለጫው ላይ የመመላለሻው ስፋት በዲግሪ ተጽፎ ካላየሁ አልቀበለውም።

የተሻለው የቋሚ ማሞቂያ ቁጥጥር በቴርሞካፕል ወይም በፒቲ100 ሴንሰር እየለካ ኃይሉን ደረጃ በደረጃ የሚያስተካክለው፣ ፒአይዲ በሚባለው ስልት የሚሠራው ነው። በሁለቱ ሴንሰሮች መካከልም ልዩነት አለ። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ሲሆን፣ የሚለካውም በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። በመሆኑም መሣሪያው የቀዝቃዛውን ጫፍ ሙቀት በትክክል ካላካካሰ የክፍሉ መቀዝቀዝና መሞቅ በቀጥታ ወደ ንባቡ ይገባል። ፒቲ100 በ0 ዲግሪ 100 ኦም ሆኖ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.385 ኦም ገደማ ይጨምራል፤ ይህ የማካካሻ ጣጣ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ከቴርሞካፕል ይልቅ ለመሰበር የቀረበና ምላሹም የዘገየ ነው። ሁለቱም ተቀባይነት አላቸው፤ የሚጠየቀው ሴንሰሩ የተገጠመው ከቢላው አጠገብ ነው ወይስ ከማሞቂያው ጀርባ የሚለው ነው። ከማሞቂያው ጀርባ የተገጠመ ሴንሰር ቢላው ከማሞቂያው ጋር በደንብ ሳይገጥም ሲቀር እንኳ ትክክለኛ ሙቀት አለ ብሎ ያነባል።

ቢላው ራሱ ማሞቂያ በሆነበት መሣሪያ ግን በሚጣል ዕቃ ላይ ሴንሰር መትከል አይመችም። ስለዚህ ጥሩዎቹ የሚሄዱበት መንገድ በዌፈሩ ውስጥ የሚያልፈውን ከረንትና ቮልቴጅ በተከታታይ እየለኩ ከዚያ ኃይሉንና ሬዚስታንሱን ማስላት ነው። ንጹሕ ብረት ሲግል ሬዚስታንሱ ይጨምራል፤ የመዳብን ጠባይ ለአብነት ብንወስድ ከ20 ወደ 260 ዲግሪ ሲደርስ ሬዚስታንሱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። መሣሪያው ይህን ዓይነት ምልክት እየተከታተለ ዌፈሩ ያገለገለ፣ የተጎዳ ወይም በትክክል ያልተቀመጠ መሆኑን ለይቶ ቢላው ወደ ቱቦው ከመሄዱ በፊት ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ለደም ባንክ ሥራ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ቁጥጥር ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ቢላ በየራሱ ይፈትሻል።

ድክመቱ በመገናኛዎቹ ላይ ነው። ከረንት ወደ ዌፈሩ የሚገባባቸውን ሁለቱን የብረት ነጥቦች በእጅ ባትሪ አብርቶ ቢመለከቱ፣ ከጥቂት ሳምንታት ሥራ በኋላ ጠርዛቸው ላይ እንደ ቀጭን ቡናማ ቅባት የተጋገረ ነገር ይታያል፤ ከቱቦው ፕላስቲክ የሚተን ማለስለሻና አቧራ ተደባልቆ የሚፈጥረው ነው። ይህ ሽፋን ከዌፈሩ አነስተኛ ሬዚስታንስ ላይ የራሱን ስለሚጨምር መሣሪያው ዌፈሩ ከእውነታው በላይ የጋለ ይመስለዋል ወይም ደግሞ ደህናውን ዌፈር መልሶ መላልሶ ይጥላል። መገናኛዎቹ ያለ ልዩ መፍቻ ተደርሶባቸው በአምራቹ በተፈቀደ ማጽጃ ሊጸዱ የሚችሉ መሆናቸው ከብሮሹሩ ሳይሆን መሣሪያውን ከፍቶ በማየት የሚረጋገጥ ነው።

ከማናቸውም ቁጥጥር በተጨማሪ ከዋናው መቆጣጠሪያ ተለይቶ የሚሠራ የሙቀት ፊውዝ ወይም መቁረጫ መኖር አለበት። ፒቪሲ ከልክ በላይ ሲግል ይቃጠላል፣ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝም ይለቃል፤ ይህ ጋዝ ለባለሙያው ሳንባም ለመሣሪያው ብረትም ጎጂ ነው።

ከፍታ፣ ብርድና መብራት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በሐረጎ ቁልቁለት አንድ ሰዓት እንኳ በማይሞላ ጉዞ የሚያልፈው ይህ ልዩነት ለመሣሪያ ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው። የላቦራቶሪ ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የደኅንነት መስፈርት የሆነው አይኢሲ 61010-1 በመሠረታዊ ሁኔታው የሚሸፍነው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ፣ ከ5 እስከ 40 ዲግሪ የክፍል ሙቀት፣ እንዲሁም እስከ 10 በመቶ የሚደርስ የቮልቴጅ መለዋወጥን ነው። አንድ ዓይነት መሣሪያ ኮምቦልቻ ሲገጠም በገደቡ ውስጥ ሆኖ ደሴ ሲገጠም ከገደቡ ውጭ ሊሆን ይችላል። በቀጭን አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚዘል በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ ክፍሎች ሰፋ ያለ ክፍተት ይሻሉ። ስለዚህ የደሴ ተቋማት አምራቹ መሣሪያው ለ3,000 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የተፈቀደ መሆኑን በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ሊጠይቁ ይገባል፤ ወኪሉ በቃል የሚሰጠው ማረጋገጫ በቂ አይደለም።

ከፍታው የፕላስቲኩን መቅለጫ ወይም የቢላውን ሙቀት አይለውጥም። የሚለውጠው ማቀዝቀዝን ነው። በደሴ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል የሳሳ በመሆኑ የመሣሪያው ማራገቢያ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችንና አዲሱን ብየዳ የሚያቀዘቅዘው በዝግታ ነው። በፋብሪካ ቅንብር የተወሰነው የማቀዝቀዣ ጊዜ ለባሕር ዳርቻ አገር የተሰላ ከሆነ፣ ባለሙያው ክዳኑን ሲከፍት ብየዳው ገና ለስላሳ ሊሆን ይችላል። የማቀዝቀዣ ጊዜው በባለሙያ የሚስተካከል መሣሪያ ለደሴ የተሻለ ነው፤ ካልተስተካከለም ከመክፈት በፊት ጥቂት ሰከንድ መታገስ ይበጃል።

ብርዱም የራሱ ነገር አለው። ከኅዳር እስከ ጥር በደሴ ሌሊቱን ሳይሞቅ ያደረ የላቦራቶሪ ክፍል ጠዋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ሊገኝ ይችላል። ቋሚ ማሞቂያ ያለው መሣሪያ ይህን በማሞቂያ ጊዜው ይወጣዋል፤ በሰዓት ቆጣሪ የሚሠራው ግን የጠዋቱን የመጀመሪያ ብየዳ ያበላሻል።

የመብራት መቆራረጥን በተመለከተ ለአቅራቢው መቅረብ ያለበት ጥያቄ «ባትሪ አለው ወይ» ከሚለው ይልቅ «ቢላው በቱቦዎቹ መካከል እያለ መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል» የሚለው ነው። ጥሩ መሣሪያ ዑደቱን በውስጥ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወይም ቢላውን ባለበት አቁሞ መያዣዎቹን ይቆልፋል፣ መብራት ሲመለስም ብየዳው የተበላሸ መሆኑን ያስታውቃል። መጥፎው ግን መብራት ሲመለስ ምንም እንዳልተፈጠረ ከጀመረበት ይቀጥላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ባለሙያው መያዣውን ከመክፈቱ በፊት ሁለቱንም ቱቦዎች በመቆንጠጫ መዝጋት፣ ከዚያም ከብየዳው ቦታ በላይ በሲለር መዝጋት ይኖርበታል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል የኃይል አቅራቢ ክፍል (ፓወር ሰፕላይ) ያለው መሣሪያ የቮልቴጅ መውረድን በአብዛኛው ራሱ ይቋቋማል፤ በትራንስፎርመር በቀጥታ የሚሠራው ግን ስታቢላይዘር የግድ ይፈልጋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚተካ መሣሪያ) የሚገዛ ከሆነም በሁለት እጥፍ ቅያሬ (ደብል ኮንቨርዥን) የሚሠራና ንጹሕ ሳይን ሞገድ የሚሰጥ ዓይነት መምረጥ ይሻላል።

ቱቦው ራሱ

የደም ከረጢት ቱቦ አብዛኛው ከለሰለሰ ፒቪሲ የተሠራ ነው፤ አንዳንድ ልዩ ከረጢቶች ግን ኢቪኤ የተባለውን ይጠቀማሉ፤ ይህም ከፒቪሲ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ሁለት የተለያዩ ፕላስቲኮችን ማገናኘት አምራቹ በግልጽ ካልፈቀደ አይሞከርም። ሲሊኮን ጨርሶ ስለማይቀልጥ በዚህ ዘዴ አይበየድም።

ከማቀዝቀዣ የወጣ ከረጢት ቱቦው ቀዝቃዛ ብቻ አይደለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። ውኃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ደግሞ ከቢላው ላይ ብዙ ሙቀት ነጥቆ ይሄዳል፤ ያ የተነጠቀ ሙቀት ለፕላስቲኩ ማቅለጫ የታሰበው ነበር። ስለዚህ ቱቦው በደረቅ ጨርቅ በደንብ ሳይጠረግ መያዣው ውስጥ መግባት የለበትም። በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽም እንዲሁ ነው። አንዳንድ መሣሪያዎች የሚፈቅዱት ባዶ ከባዶ፣ ሌሎቹ ባዶ ከሞላ፣ ጥቂቶች ደግሞ ሞላ ከሞላ ቱቦ ማገናኘትን ነው፤ ይህን የሚወስነው ማሞቂያው በብየዳ ወቅት የሚሸሸውን ሙቀት መተካት መቻሉ ነው። የቀይ ደም ሴልን ለሕፃናት የሚያካፍል ክፍል በተግባር የሚገጥመው አንዱ ቱቦ ደም የያዘበት ሁኔታ በመሆኑ ቢያንስ ሁለተኛው ፈቃድ የሌለው መሣሪያ አይጠቅመውም።

በርክክብ ላይ የሚደረግ ፍተሻ

መሣሪያው ከመፈረሙ በፊት በራስ ቱቦ፣ በራስ ክፍልና በራስ መብራት መሞከር አለበት። ጠዋት ክፍሉ ሳይሞቅ፣ ቀጥሎ ቮልቴጁን በቫሪያክ (ቮልቴጅን ከፍና ዝቅ በሚያደርግ ትራንስፎርመር) ወደ 198 አውርዶ፣ ከዚያም ከማቀዝቀዣ በወጣ ቱቦ ላይ ሙከራው ይደረግ። ቫሪያክና መለኪያ የሌለው ሆስፒታል የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ትብብር መጠየቅ ይችላል።

በእያንዳንዱ ብየዳ ላይ የሚታየው ይህ ነው፦ ሁለቱ ጫፎች ያለ ዝንፍታ የገጠሙ፣ ዙሪያውን እኩል የሆነ ቀጭን ጎበጥ ያለ ቀለበት የሠሩ፣ ቀለማቸውም ያልተለወጠ መሆን አለበት። ቡናማ ነጥብ ወይም የሚሰነፍጥ ሽታ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ምልክት ነው። እንደ ክር የተጎተተ ፕላስቲክ፣ ወይም በብየዳው መስመር ላይ የተሰነጠቀ የሚመስል ነጭ ሰረዝ ካለ ደግሞ ሙቀቱ አንሷል። ከዚያ ብየዳው በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ተይዞ ሲጨመቅ ትንሽ «ቷ» ብሎ መከፈት አለበት፤ ሳይከፈት የሚቀር ወይም በግማሹ የሚከፈት ቱቦ ደሙን አያሳልፍም። ቀጥሎ በሁለቱም አቅጣጫ ሳብ ተደርጎ ይታያል፤ በመጨረሻም ጥቂቶቹ ናሙናዎች አንድ ጫፋቸው ተዘግቶ በውኃ ውስጥ በአየር ግፊት ይፈተናሉ፤ አንዲት አረፋ ከወጣች ብየዳው ወድቋል።

የቢላውን ሙቀት ራሱን ለመለካት የሚፈልግ ባለሙያ ከሩቅ በሚነጣጠረው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር መታለል የለበትም። የሚያብረቀርቅ መዳብ የሙቀት ጨረር የሚለቀው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ መለኪያው ከእውነተኛው በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ያሳያል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ቴርሞካፕል ወይም በተወሰነ ሙቀት ቀለሙን በሚቀይር ቀለም መለካት የተሻለ ነው፤ ወፍራም ቴርሞካፕል ግን ከስሱ ቢላ ላይ ራሱ ሙቀት እየወሰደ ስለሚያሳስት አይመከርም።

የትኛው ለማን?

ደም የሚያዘጋጅና የሚያከፋፍል፣ ፕላትሌት የሚያጠራቅም ማዕከል፣ ለምሳሌ ደሴ ላይ ያለው የደም ባንክ፣ በየቀኑ ብዙ ብየዳ ስለሚኖረው ቢላው ራሱ ማሞቂያ የሆነበት፣ የእያንዳንዱን ዌፈር ሬዚስታንስና ኃይል የሚፈትሽ፣ ለከፍታ የተፈቀደና ባዶ ከሞላ ቱቦ የሚያገናኝ መሣሪያ ቢይዝ ይሻለዋል። የዌፈር ወጪው ከባድ ነው፤ ሆኖም በዚያ መጠን ሲሠራ አቅርቦቱን በዓመታዊ ውል አስሮ ማምጣት ይቻላል፣ ስህተት ሲፈጠርም ከአንድ ከረጢት አያልፍም።

በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለጨቅላ ሕፃናት ደም የሚያካፍል ሆስፒታል፣ ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ መበየጃ ከመግዛቱ በፊት ከመነሻው ተያያዥ ትናንሽ ከረጢቶች ያሉትን ባለሦስት ወይም ባለአራት ከረጢት ሥርዓት ከደም ባንኩ መጠየቅ ይችል እንደሆነ ቢያጣራ መልካም ነው። እነዚህ በፋብሪካ የተገናኙ ስለሆኑ ማሞቂያም ሆነ ቁጥጥር አያስፈልጋቸውም፤ አንድ ጥሩ ሲለር ብቻ ይበቃቸዋል። ይህን የምለው መሣሪያውን ለማጣጣል ሳይሆን፣ በዓመት ጥቂት ጊዜ የሚነካ መበየጃ መገናኛዎቹ ቆሽሸው፣ ልኬቱ ሳይረጋገጥ፣ ሠራተኛውም አሠራሩን ረስቶ ስለሚቆይ፣ በሚያስፈልግበት ቀን ከሁሉ ይልቅ የማያስተማምን ዕቃ ስለሚሆን ነው።

ቋሚ ማሞቂያና ብዙ ጊዜ የሚያገለግል ቢላ ያለው መሣሪያ ቦታው የዌፈር አቅርቦት ፈጽሞ በማይረጋገጥበትና ብየዳው ግን በሚበዛበት ተቋም ነው፤ ያም ቢሆን በፒአይዲ የሚቆጣጠር፣ ሴንሰሩ ከቢላው አጠገብ የሆነ፣ የቅሪት ማስወገጃው በሙከራ የተረጋገጠ መሆን አለበት። በሰዓት ቆጣሪ ብቻ የሚሠራውን ግን በእርዳታ በነጻ ቢመጣ እንኳ ለደም ሥራ ከመጠቀም ለተማሪዎች ማሳያነት ማዋል ይሻላል።

በውሉ ላይ ከዋጋው ጎን የሚከተሉት በቁጥር መጻፍ አለባቸው፦ ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልገው የዌፈር ብዛትና የማብቂያ ቀኑ፣ መለዋወጫ ማሞቂያና ሴንሰር፣ ሁለት ጥንድ የኤሌክትሪክ መገናኛ፣ የልኬት ማረጋገጫ ሰነድ የሚታደስበት ጊዜ፣ እንዲሁም ሥልጠናው ለላቦራቶሪ ባለሙያውና ለጥገና ባለሙያው ተለይቶ የሚሰጥ መሆኑ። የጥገና ሰነዱም በእጅ እስኪገባ ድረስ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅም።